ለጉበቴ የጠጣሁት ኮሸሽላ

ሐኪሟ ጉበቴ ላይ ስብ መጠራቀሙን ነገረችኝና፣ "ጮማ ይቀንሱ፤ በየቀኑም በእግርዎ ይሂዱ" አለችኝ። እኔ ግን የፈለግሁት ጮማዬን ሳይነካ ጉበቴን የሚያድን ነገር ነበር። ስልኬን ስጎረጉር አገኘሁት፦ የኮሸሽላ ዘር። ቅጠሉ ወተት የተንጠባጠበበት የሚመስል፣ አበባው ወይን ጠጅ የሆነ እሾሃም አረም ነው። አማኑኤል ከተማ አጠገብ፣ እህቴ ማሳ ዳር በቅሎ ማየቴ ትዝ አለኝና ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ።

"ዛሬ ምን እግር ጣለህ?" አለች እህቴ ደስ ብሏት። መድኃኒት ለቀማ መምጣቴን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። "እኛ ነቅለን ነቅለን የሰለቸንን! ይኸን ሁሉ ዘመን ጂኦግራፊ ያስተማርኸው ለዚህ ነው?"

"ሳይንስ ነው" አልኋት ኮስተር ብዬ። ሳይንሱ ሁለቱንም መዳፌን ወጋግቶ ለቀቀኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዘሩን ወቅጬ በማር በጥብጬ ጠጣሁና ለሽምግልና ወጣሁ። ለጎረቤቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅለት ነው፤ ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ አንድ ቄስ አብረውኝ አሉ። የልጅቷ ቤት ስንደርስ ከንፈሬን ያሳክከኝ ጀመር። ጋቢዬን አስተካክዬ ልናገር ብል ከንፈሬ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ቃል አላወጣ አለኝ።

የልጅቷ አባት ትክ ብለው አዩኝና፣ "ከእኛ በፊት የጠየቃችሁት ቤት ደብድቦ ነው የሰደዳችሁ?" አሉ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ንግግሩን ለቄሱ ትቼ ወደ ሐኪሟ በረርሁ።

መርፌ ወጋችኝና የጠጣሁትን ስነግራት፣ "አደይ አበባ ሲፈነዳ ያስነጥስዎታል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ከልጅነቴ ጀምሮ! በምን አወቅሽ?"

"አደይና ኮሸሽላ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ የማይስማማው ሰው ሌላውም ላይስማማው ይችላል። ጉበትን ይረዳ ይሆናል ይባላል፤ ግን በደንብ አልተረጋገጠም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውማ ሳያማክር ባይነካው ይሻላል። ደግሞስ ጮማ እየበሉ ቢጠጡት ምን ያድርግልዎት?"

ያበጠ ከንፈሬን በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ቄሱ ተናግረው ልጅቷን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጡት፤ ሠርጉም አማረ። እኔ አሁን በየጠዋቱ እስከ ከተማው ጫፍ እሄዳለሁ፤ ስቡም ቀንሷል ተብያለሁ። ሰው በምን እንደተሻለኝ ሲጠይቀኝ "በእግሬ" እላለሁ፤ የሚያምነኝ ግን የለም፤ የሚደበቅ ቅጠል ያለኝ ይመስላቸዋል። ባለፈው እሑድ አንድ ጎረቤቴ ምስጢሩን ሊያይ ተከትሎኝ ወጣ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ትንፋሹ አጠረና ባጃጅ ጠርቶ ተመለሰ።