በር የሌለው ሽንት ቤት

ቦረና ውስጥ አሬሮ በመምህርነት ስመደብ በትምህርት ቤቱ ሴት መምህር እኔ ብቻ ነበርኩ። የመምህራኑ ሽንት ቤት በር አልነበረውም። በበሩ ፋንታ የማዳበሪያ ጆንያ ተንጠልጥሎበታል፤ የቆላው ነፋስ ጆንያውን እንዳሻው ይገልጠዋል። ፊት ለፊቱ ደግሞ የሰባተኛ ክፍል መስኮት ነው። ወንዶቹ ምን ቸገራቸው፤ አጥር ተሻግረው ግራር ሥር ይቆማሉ። ርእሰ መምህሩን በር አሠራልኝ ብዬ ብጠይቀው «በጀት ሲለቀቅ» አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በጀት አልተለቀቀም።

እኔም የራሴን መላ ዘየድኩ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ውሃ አልጠጣም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴ እስክመለስም አልጠጣም። በዚያ ሙቀት ሳስተምር ውዬ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። ባልደረቦቼ «ግመሏ» ይሉኝ ጀመር፤ እኔ ደግሞ ኮራሁበት።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸው የገፋ የቦረና እናት ነበሩ፤ አዴ ነበር የምላቸው፣ እማማ እንደማለት። አንድ ጠዋት «አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?» ብለው ወተት ይዘውልኝ ሲገቡ፣ የወጣልኝን ስም እየሳቅሁ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ግመልንም ቀኗ ሲደርስ ውሃ ጉድጓድ እንወስዳታለን። እስክትጠግብ ትጠጣለች» አሉኝ። «አንቺን ማን ይወስዳል? ቢሻን ዱጊ። ውሃ ጠጪ።»

በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ።

በተጋባን በአምስተኛው ዓመት አረገዝኩ። ባለቤቴ የወረዳው ግብርና ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። የደስታውን ነገር በቃል አልነገረኝም። ለሥራ ወደራ ከተማ ሄዶ ሲመለስ ግን ለልጁ አልጋ የሚሆን ጣውላ በአውቶቡስ አናት ጭኖ መጣ። «ገና ምኑ ተያዘና!» ብዬ ሳቅሁበት። ጣውላውን ግድግዳ አስደግፎ አቆመው፤ እኔም በየቀኑ እያየሁት እወጣለሁ፣ እገባለሁ።

በአራተኛው ወር ማቃጠል ጀመረኝ። ሽንቴ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልበኛል፤ ጨርሼ ስነሣ ወዲያው ይመጣብኛል፤ ስቀመጥ ደግሞ ጠብታ ነው። ነጌሌ ላለችው እናቴ ደወልኩላት። «ብርድ ነው፤ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ይሆናል። ወገብሽን አሙቂ» አለችኝ። አሬሮ ላይ ብርድ! ቢሆንም አመንኳት፤ ማመን ፈልጌ ነበር። ምክንያቱም በዚያች ከተማ ሽንቷ የሚያቃጥላት ባለትዳር በሽታዋ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ጨብጥ። የጤና ጣቢያው ነርስ ከባለቤቴ ጋር ካርታ የሚጫወት ሰው ነው። እሱ ፊት ቀርቤ ምን እላለሁ? ባለቤቴስ ከወዴት አመጣሽው ቢለኝ?

ስለዚህ ደበቅሁት። ከሱቅ አምፒሲሊን ገዝቼ ዋጥኩ፤ በሁለተኛው ቀን ሻል ሲለኝ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ብዬ ቋጠርኩት። ውሃውንም ይበልጥ ቀነስኩ። ካልጠጣሁ አልሸናም፤ ካልሸናሁ አያቃጥለኝም ብዬ። ይህን ያደረገችው በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ባክቴሪያ ሥላ፣ መድኃኒት ጀምሮ ማቋረጥ አደገኛ ነው ብላ ያስተማረች የሳይንስ መምህርት ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩም ተማሪዎቼን እመክር ነበር። ዛሬም ራሴን መውቀስ ስጀምር የምጀምረው ከዚህ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ እንደቆምኩ አንዘፈዘፈኝ። ጎኔን ከጀርባ በኩል ሰቅዞ ያዘኝ። ባልደረቦቼ ቤት አድርሰውኝ ወባ ነው አሉ። ወባ እንዲሆን እኔም ጸለይኩ፤ ወባ አያሳፍርም። በማግስቱ ግን ሆዴ እየተኮማተረ ይለቀኝ ጀመር። አዴ መጥተው እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉና «ይሄ ወባ አይደለም» አሉት ባለቤቴን። እሱም ሮጦ አንድ አይሱዙ ለምኖ አመጣና ጋቢናው ውስጥ አስገቡኝ። እስከ ነጌሌ ድረስ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ «ቆይልኝ፣ ቆይልኝ» እያልኩ ሄድኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሲስተሯ ሽንት አምጪ ብላ ትንሽ ዕቃ ሰጠችኝ። ስንት ዓመት አፍኜ የያዝኩት ሽንት ያን ቀን እንቢ አለ። በስንት ምጥ ያወጣሁት ጠብታ ደም የተቀላቀለበት ነበር። ውጤቱን ይዛ መጣችና ባክቴሪያው ከፊኛዬ አልፎ ኩላሊቴ እንደደረሰ፣ ምጡንም ያመጣው እሱ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችኝ።

«ጨብጥ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ኧረ አይደለም፣ እህቴ። ይሄ ማንኛዋንም ሴት ይይዛል። ቀደም ብለሽ ብትመጪ በክኒን ይድን ነበር። ለመሆኑ ውሃ አትጠጪም እንዴ?»

«በር የለውም» አልኳት።

በትኩሳቱ የምቃዥ መሰላት። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ልጄ ሴት ነበረች። በአምስተኛ ወሯ መጣች፤ ትንፋሽ አልነበራትም። በነጠላዬ ጠቀለሏትና ወሰዷት።

እናቴ ቤት ሁለት ሳምንት ተኛሁ። እናቴ ስለ ብርዱ አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁባትም። አሬሮ ስመለስ ባለቤቴ ምንም አልጠየቀኝም። ዝምታውን ጥርጣሬ ነው ብዬ ፈራሁት። ግድግዳው ላይ የነበረው ጣውላም የለም፤ እንዳላየው ብሎ የሸጠው መሰለኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት የትምህርት ቤቱን ግቢ ሳቋርጥ ሽንት ቤቱ በር አለው። ቀረብ ብዬ ሳየው ጣውላውን አወቅሁት። ለአልጋው እግር ብሎ በእርሳስ ያሰመረው መስመር እንኳ አልጠፋም። ከውስጥ በኩል መቀርቀሪያ አለው።

ያን ቀን ሁለት ኩባያ ውሃ ጠጥቼ ነበር የወጣሁት። ገብቼ ቀረቀርኩና ደወሉ እስኪደወል አለቀስኩ።