አያ ዋኘው እና የፊያቱ ዝገት

አያ ዋኘው ዝገት የሚባል ነገር ማየት አይወድም ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አጥራችን አንድ ስለሆነ የሰውየውን ነገር ከማንም ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ምሳሩ፣ የበሩ ማጠፊያ ሳይቀር በየሳምንቱ በአመድ ይታሻል፤ ከዚያ ሞራ ይቀባል። ጠመንጃውንማ ተውት። በጣሊያን ጊዜ ዋሻ ውስጥ ደብቆት ከርሞ ሲያወጣው ገና ከሳጥን የወጣ ይመስል ነበር፤ የጓደኞቹ ግን ዝጎ አልተኩስ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚመዝነው በዚሁ ነው። ሴት ልጁን ለጋብቻ የጠየቀ አንድ ጎረምሳ ማጭዱ ዝጎ ስለታየ ተመለሰ ብል ዋሸሽ ትሉኝ ይሆናል። ተመልሷል።

ይህ ሰው ስማቸው የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ስማቸው ገና ጎረምሳ ሳለ እርሻውን ትቶ አስመራ ገባ። አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ በስድሳ ዓመተ ምሕረት ላይ ሰማያዊ ፊያት እየነዳ ተመለሰ። ከጎንደር ደባርቅ ሰው ያመላልስ ጀመር፤ ሲያልፍ ሲያገድም እናትና አባቱ ዘንድ ያድራል። አያ ዋኘው ልጁን ስሞ ተቀበለው። መኪናዋን ግን በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳ ዞር ብሎ አያያትም። «በሬ ትቶ ሄዶ ቆርቆሮ ይዞ መጣ» ይል ነበር፤ ያውም ልጁ እየሰማ።

ጎንደር መሄድ ሲኖርበት በበቅሎ ነው። ስማቸው መንገድ ላይ ሲያገኘው ያቆምና በሩን ከፍቶ «ይግቡ አባየ» ይለዋል። «በቅሎየ ይበቃኛል» ይልና ይቀጥላል። ልጁ በሩን ዘግቶ አቧራ እንዳያለብሰው ቀስ ብሎ ያልፈዋል። ይህ ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የሆነው። አንድ ቀን ስማቸው እኔ ቤት ተቀምጦ፣ «እማዋይሽ፣ አባየ አንድ ጊዜ ብቻ ከጎኔ ቢቀመጡልኝ ሌላ ምንም አልመኝም» አለኝ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አያ ዋኘውን ያን ቀን ጠላሁት።

ስማቸው ፍልሰታን በየዓመቱ መኪናውን አቁሞ ነው የሚጾመው። በዚያ ዓመት ነሐሴ ዝናቡ አላባራ አለ፤ ፊያቷ ባሕር ዛፉ ሥር ከነጭቃዋ ቆመች። አንዲት የአያ ዋኘው ዶሮ ሥሯ ገብታ እንቁላል መጣል ጀመረች። አያ ዋኘው እንቁላሉን ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ነው ነገሩን ያየው። ከጎማው ጀርባ፣ ፍሬኑ ሲረገጥ ቆንጥጦ የሚይዘው ክብ ብረት አለ፤ እሱ ብረት እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። ሌሎቹን ጎማዎች እየዞረ ጎንበስ እያለ አየ። አራቱም ያው ናቸው።

ማታ እራት ላይ ስለ መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁም ነገር ተናገረ አሉ። «ብረትህ ዝጓል» አለው።

«ግድ የለም አባየ፣ የላይ ላዩን ነው። ስነዳት በራሱ ይለቃል።»

ግድ የለም የሚል ሰው አያ ዋኘው ዘንድ ያው ማጭዱ የዛገው ጎረምሳ ነው። ልጁ እንደዚያ እንዲባል ደግሞ አልፈለገም።

በማግስቱ ስማቸው ቅዳሴ እንደሄደ፣ እኔ ዝናቡ ጋብ ሲልልኝ ሽንኩርቴን ላሰጣ ብወጣ የአያ ዋኘው እግር ብቻ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ አየሁ። «ምነው አያ ዋኘው፣ ምን ጠፋብህ?» አልሁት። ወጣ። ፊቱ አመድ፣ እጁ ሞራ በሞራ ሆኗል። በጾም ሞራ መንካቱን ሰው እንዳያይበት ግራ ቀኙን ቃኘና፣ «ልጁ አያውቅበትም። ዝገቱን አሽቼ ቀባሁለት» አለ። እኔስ ምን አውቄ። ብረት ሞራ ሲቀባ እያየሁ ያደግሁ ነኝ። ሸጋ አደረግህ አልሁት። ተመልሶ ገባ፤ እጁ የደረሰበትን ሁሉ ከፊትም ከኋላም አዳርሶ ቀባ። ያን ያህል ጊዜ የፈጀ፣ ያን ያህልም ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

ጾሙ ተፈታ። በማግስቱ የዳባት ገበያ ነበርና እኔ ሽንኩርቴን ከኋላ ጭኜ ተቀምጫለሁ። ስማቸው ሞተሩን አስነስቶ ሲያሞቅ አያ ዋኘው በርኖሱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ከቤት ወጣ። ቀጥ ብሎ መጥቶ የፊተኛውን በር እጀታ ሲፈልግ ቆየ። ስማቸው ከፈተለት። «ዳባት እሄዳለሁ» አለና ገብቶ ተቀመጠ። ለምን ዛሬ ብሎ የጠየቀው የለም። ለእኔ ግን ግልጽ ነበር፤ እጁ ያረፈበት ነገር የራሱ ሆኗል።

ስማቸው መኪናዋ ቆማ ስትከርም ገና ከግቢ እንደወጣ ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጣል። ዝገቱ የሚፋቀው እንደዚያ ነው። ያን ቀን አባቱን እንዳያንገጫግጭ ብሎ አልረገጠም። ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ሙሽራ የጫነ ይመስል ቀስ ብሎ ነዳ። አያ ዋኘው የሰው ማሳ በመስኮት እያየ፣ የእነማን ገብስ እንደ ሰመረ፣ የእነማንን አረም እንደዋጠው ይነግረናል።

ከዚያ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት መጣ። ታች ድልድዩ ላይ ገበያተኛ አህዮቹን እየነዳ ነበር። ስማቸው ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ግን መውረዷን ቀጠለች። ደግሞ ረገጠ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ እሱም ያው ነው። ማርሹን ሲቀንስ ሞተሩ ጮኸ። ጥብስ ጥብስ ሸተተኝ፤ ጾሙ ገና መፈታቱ ነውና መጀመሪያ ከምኞቴ የመጣ መሰለኝ። ስማቸው መሪውን ወደ ዳገቱ ጠመዘዘና ጎኗን እያስፋቀ ከመንገዱ ዳር ያለው የተቆረጠ የጭቃ ግድግዳ ላይ ወስዶ አስደገፋት። ቆምን። አህዮቹ አልፈውን ሄዱ።

ስማቸው ወርዶ ከጎማው ጀርባ እጁን አስገባ። ጣቱን አየ፣ አሸተተ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ሽንኩርቴን አየሁ።

«ሞራ ነው» አለ አያ ዋኘው ከውስጥ። «እኔ ነኝ የቀባሁት። ዝጎ ነበር።»

ስማቸው ጣቱን በሱሪው ጠረገ። «አባየ፣ የዚህ ብረት ሥራው መያዝ ነው። ሞራ ከነካው አይዝም።»

«ዝገቱስ?»

«ዝገቱ ፍሬን ሲያዝ ተፍቆ ይሄዳል።»

«ነግረኸኝ ነበር።»

«ነግሬዎት ነበር። ይህ ሊማሊሞ ላይ ቢሆን...» ስማቸው አልጨረሰውም። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞ ላይ የጭቃ ግድግዳ በአንድ በኩል ነው፤ በሌላው በኩል ገደል ነው። አያ ዋኘውም ያውቀዋል። ፊቱ ተለወጠ። ያንን ሰው አፍሮ ሳየው የመጀመሪያየ ነው፤ ተናድጄበት ሳለ አሳዘነኝ።

ስማቸው ከኋላ ቤንዚንና ጨርቅ አወጣ። ብረቱን አጥቦ፣ ቀስ እያለ ወደ ቤት ሊመልሰን ነው፤ ሞራ የጠጣውን፣ ብረቱን የሚቆነጥጠውን የፍሬን ሸራ የሚቀይረው ጎንደር ሲደርስ ነው። «ይውረዱ አባየ፣ ጎማ ላወልቅ ነው» አለ።

«አልወርድም።»

«ምነው አያ ዋኘው?» አልሁ። «ልጁ መኪናውን በክሪክ ሊያነሳ እኮ ነው። ውረድ እንጅ!»

አያ ዋኘው ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል እንደያዘ ወደ ፊት እያየ ነው። «አንች ሴት፣ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ» አለ። «አሁን ከወረድሁ እፍረቱ በእግሬ ቤቴ ይወስደኛል። ከዚያ ወዲያ እዚህ አልቀመጥም። ለመግባት ሁለት ዓመት ፈጀሁ። አልወርድም፤ ከነእኔ ያንሳው።»

ስማቸው በተከፈተው በር አባቱን አየው። ሄዶ ድንጋይ አመጣና ጎማዎቹን አንድ በአንድ አስደገፈ። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ እንዳይሰምጥ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ከሥሩ አደረገ። እኔ ወርጄ ዳር ቆምሁ። አያ ዋኘው በርኖሱን ሰብስቦ ቀጥ ብሎ እንደ ተቀመጠ፣ ልጁ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ቀስ እያለ ከነመኪናው አነሳው።