የአማቼ አዝማሪ እና አዲሱ እትም

የእህቴ ባል ቧንቧ ይጠግናል። የሰው ወጥ ቤት ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው የሚውለው። ቤቱ ሲገባ ደግሞ እህቴና ሁለቱ ልጆቿ የመናገር ተራ አይሰጡትም። የሚሰማው ሰው የሚያገኘው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም በግድ።

እሁድ እሁድ በሰፈራችን ፋርማሲስት መጋዘን፣ በመድኃኒት ካርቶኖች መሃል፣ አራት ሆነን ዳይስ፣ ያቺን ባለቁጥር ጠጠር፣ እየወረወርን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነን የጀብዱ ታሪክ እንጫወታለን። ፋርማሲስቷ የጨዋታው መሪ ናት፤ ዘንዶውም ንጉሡም እሷ ናት። እኔ ተዋጊ ነኝ፤ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ አስማተኛ ነው። አማቼ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዝማሪ ነው።

በአሮጌው የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ አዝማሪ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለጌጥ የተቀመጠ ፍጡር ነው። እሱ ሲዘፍን ሁላችንም በወረወርነው ቁጥር ላይ አንድ ይደመርልናል። አንድ! እሷንም እንረሳታለን። "ዘፍኛለሁ እኮ! አንዷን ደምሩ እንጂ!" ብሎ ይጮኻል። "እሺ፣ ሬዲዮ" እለዋለሁ። ስሙ ሬዲዮ ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ወር ፋርማሲስቷ የመጽሐፉን አዲስ እትም ይዛ መጣች። የአዲሱ እትም አዝማሪ ጉድ ነው፤ ቁስል ይፈውሳል፣ በስድብ ብቻ ጠላት ያደማል። ለሁሉም የሚታደለው ጭማሪ ግን ቀርቷል። በምትኩ ለመረጠው ሰው ቁጥሩ በወረወረው ላይ የሚደመርለት አንድ ተጨማሪ ዳይስ ይሰጣል፤ በቀን ሦስቴ ብቻ።

እኛ ጮቤ ረገጥን። እሱ ፊቱን ጣለ።

"ለሁላችሁም ነበር የምዘፍነው፤ አሁን ማንን ልተው?" አለ።

"ማን ሰምቶህ ያውቃል?" አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

በአዲሱ ሕግ ስንጫወት ሁለቱን ዳይሶች ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠ። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። ከዚያ ዘንዶው ተዋጊዬን ከግንብ ጋር አጣበቀው። አሥራ አንድ ዓመት ያሳደግኩት ተዋጊ! አሁን ካልመታሁ አለቀልኝ። ወረወርኩ፤ አራት ጎደለኝ። የምታድነኝ የመጨረሻዋ ዳይስ አማቼ መዳፍ ውስጥ ናት።

"ስጠኛ!" አልኩት።

"ማን ሰምቶኝ ያውቃል?"

ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

"ይቅርታ። ዝፈንልኝ፣ እሰማለሁ" አልኩት።

ዳይሷን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ ሕጉ ሳያስገድደው፣ ብድግ ብሎ የምር መዝፈን ጀመረ። ድምፁ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ያስጠላል። ወረወርኩ።

ሁለት።

ተዋጊዬ ሞተ። አማቼ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነበር። ፋርማሲስቷ ልታስቆመው አፏን ስትከፍት፣ "ተዪው፣ ይጨርስ" አልኳት።