ጂዳ ወደብ ላይ የሳትኩት ስንኝ

የዝንጅብል ሽታ ሲመጣብኝ፣ ልጄ፣ ጂዳ ወደብ ላይ ቆሜ እገኛለሁ። አሁንም የልጅ ልጄ ለሳሌ እያፈላችልኝ ነው። «ያ ጅዲ፣ አያቴ፣ ኸላስ፣ በቃህ፣ ጉሮሮህ ይረፍ» ትለኛለች። ይኼ ጉሮሮ ምን እንደሠራ አታውቅም።

ጢሜ ገና ያቆጠቁጥ ነበር። መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ከነበረው የሐበሾች መድረሳ ተመርጠን፣ መንዙማ ልናሰማ ባሕር ተሻግረን ወሎ ከርመን ነበር። መንዙማ አውራጅና ተቀባይ አለው፤ አውራጁ ስንኙን ያወጣል፣ ተቀባዮች አዝማቹን ይመልሳሉ። ከተቀባዮች እኔን የሚያህል አልነበረም። ማንበብ እንኳ መድረሳ ሳልገባ ከሱቅ ሰሌዳ ላይ ነው የለቀምኩት። የአውራጁ የጓደኛዬ ድምፅ ግን ሌላ ነበር፤ ሲያወርድ መንገደኛ ይቆማል። እናት አባት የለውም፤ ሚስፈላ ያለች አክስቱ ናት ያሳደገችው።

ከምጽዋ ስንመለስ የባሕሩ ነፋስ ያን ድምፅ ዘጋው። የልብሱ ቦርሳም ከነመታወቂያ ወረቀቱ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ጉንጩን በዝንጅብል ወጥሮ ጂዳ ደረሰ። የጧት ፀሐይ ባሕሩን እንደ ቆርቆሮ እያንጸባረቀው፣ ዓሣና ናፍጣ እየሸተተን ተሰለፍን።

«ይሄ ከናንተ አይደለም፤ ምጽዋ ላይ የተሳፈረ ነው። ይመለስ» አለ የወደቡ መኮንን፣ ወረቀት ያጣውን አውራጅ ከሰልፉ አውጥቶ።

ይዘውን የተጓዙት ኡስታዛችን የኛው መንዙማ አውራጅ ነው ብለው ማሉ።

«እንግዲያው ያሰማና።»

ልጁ አፉን ቢከፍት የዛገ በር ድምፅ ወጣ። መኮንኑ ሳቀ። ጓደኛዬ ዞሮ መርከቡን አየ። ማዶ የሚቀበለው ሰው አልነበረውም፤ አክስቱ ግን ሚስፈላ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

ያኔ ማንም ሳያዘኝ እያጨበጨብኩ አወረድኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሆን ብዬ ሳትኩ፤ መዲና የተኙትን ነቢ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምጽዋ አስተኛኋቸው።

«መዲና! አንተ አህያ፣ መዲና!»

ዝንጅብሉ ከአውራጁ አፍ ተፈናጠረ። ከጀመረ ደግሞ ማቆም አልቻለም፤ በዚያ በተዘጋ ድምፁ ስንኙን አቃንቶ እስከ መጨረሻው አወረደው። እኛም ልማድ ነውና ተቀበልነው። መኮንኑ አማርኛ ባያውቅም ምጽዋንና መዲናን ያውቃል። እንባው እስኪመጣ ሳቀና «ባለቤቱ ካልሆነ እንዲህ አይቆጣም። ያላ፣ ግቡ» አለ።

በመካ መንገድ ላይ ባሕራ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ አውራጁ በክርኑ ጎሸመኝ።

«አውቀህ ነው ወይስ ደንቁረህ?»

«አውቄ ነው።»

«ውሸታም።»

ሸምግለን፣ ልጆች ድረን፣ በተገናኘን ቁጥር ይህንኑ ይጠይቀኛል፤ ይህንኑ እመልሳለሁ፤ ውሸታም ይለኛል።

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ የታፈሰበት 2006 ዓ.ም. መጣ። ከፊል የሚባለው ሳውዲ ዋሱ ሞቶ ኢቃማውን የሚያድስለት አልነበረምና አውራጁንም ከሥራው ወስደው ሹመይሲ፣ ተባራሪ የሚታጎርበት እስር ቤት፣ አስገቡት። ወደ አውሮፕላን የሚወስዳቸው አውቶቡስ በሩ ላይ ሲቆም በመስኮቱ ዝንጅብል አቀበልኩት። አሽትቶ ሳቀ። ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

«ያኔ ወደቡ ላይ፣ አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው።»

ውሸታም እስኪለኝ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ» አለኝ። አውቶቡሱ ተነሣ።

አሁን ቤቴ ብቻዬን ሳወርድ፣ እዚያች ስንኝ ላይ ስደርስ ምጽዋ እላለሁ። ከዚያ «አንተ አህያ፣ መዲና!» እስኪለኝ እጠብቃለሁ።