ጨርቁ የተገለጠ ዕለት

ያን ቀን ከባሕሩ ማዶ የሚመጣው የበረሃ ነፋስ፣ ሲሮኮ፣ ከተነሣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የፓሌርሞ ሰማይ አመድ መስሏል። በየሰገነቱ የተሰጣው ልብስ አቧራ ጠጥቷል፤ ውሾቹ እንኳ ለመጮኽ ሰንፈው ከጥላ አይነሡም። እንዲህ ባለ ቀን ሰው መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል እንጂ አሥራ አንድ እንግዳ አስከትሎ ገበያ አይዞርም። ኒንፋ ግን ዞረች።

ኒንፋ ያኔ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጣ፣ ሃያ ዓመት የሰው ደረጃ ስትወለውል ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው ለአስጎብኚ ድርጅት የተቀጠረችው። ሥራዋ እንግዶችን በባላሮ ገበያ እያዞሩ ማብላት ነው፤ ከሽምብራ ጥብስ ይጀመርና በጋሽ ካሎጄሮ ቅርጫት ያበቃል። እንግሊዝኛዋ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ከሠራ ወንድሟ የለቃቀመችው ነው። ድርጅቱም የቀጠራት ለእንግሊዝኛዋ ሳይሆን ለጋሽ ካሎጄሮ ብሎ ነው፤ የእናቷ ወንድም ነውና።

ጋሽ ካሎጄሮ ፍሪቶላ ሻጭ ነው። ከጥጃ አጥንት ተፍቆ የሚወርደው ጅማት፣ ጮማና ልም አጥንት ተቀቅሎ ይጠበስና በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል። ሻጩ እጁን ከጨርቁ ሥር ሰድዶ የነካውን ይዘግናል፤ በወረቀት አድርጎ ያቀብላል። ገዢው እጅ ያወጣውን ይበላል። "ጮማውን አብዛልኝ" ማለት ይቻላል። "እስቲ ልየው" ማለት ግን የሰውየውን እናት እንደ መስደብ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት የድርጅቱ ባለቤት ዶናቴላ ኒንፋን ቢሮዋ ጠራቻት።

"ኒንፋዬ፣ እንግዶቹ ቅሬታ እየጻፉ ነው። 'ምን እንዳበሉን አላየንም' ይላሉ። ዛሬ ጨርቁን ይግለጥላቸው።"

"አይገልጥም።"

"አንቺ እኮ የእህቱ ልጅ ነሽ።"

"እናቴ ከመቃብር ብትነሣም አይገልጥላትም።"

"እንግዲያው የሚገልጥ ሻጭ እፈልጋለሁ። እሱን ካገኘሁ ደግሞ ሌላ አስጎብኚ አላጣም" አለችና ስልኳን አነሣች።

ኒንፋ ይህን በሆዷ ይዛ ወጣች። እንግዶቹ ከሆላንድ የመጡ ናቸው። አንዱ ሥጋ አይበላም፤ አንዷ ዘይት ትፈራለች፤ ሌላው ሎሚው በምን ውኃ እንደታጠበ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ኒንፋም ሦስት ጊዜ መለሰች። ጋሽ ካሎጄሮ ዘንድ ሲደርሱ ሸሚዟ ከጀርባዋ ተጣብቆ፣ ጉልበቷ እንደ ጥርስ ይጠዘጥዛት ነበር።

"ዛሬ ደግሞ የማንን መንጋ ነው የነዳሽብኝ?" አላት ጋሽ ካሎጄሮ።

"ቀስ በል አጎቴ፣ ይሰማሉ።"

"ቢሰሙስ! ቲማቲም መስለዋል፣ ውኃ አጠጪያቸው።"

"አጎቴ... ለዛሬ ብቻ፣ የጨርቁን ጠርዝ ትንሽ ገለጥ ብታደርገው?"

ሽማግሌው ዓይን ዓይኗን አያት። "ፀሐይ መታሽ እንዴ?"

ተራዋን የምትጠብቀው ቀንድ አውጣ ሻጯ ቪታ ጣልቃ ገባች። "ከዚያስ ሱሪህን አውልቅ ብትይው ይሻላል!" ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ኒንፋ አልሳቀችም።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ካሜራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ረጅም ሴት፣ "ካላየሁ አልበላም" አለች። ሌሎቹም እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ጋሽ ካሎጄሮ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ለቪታ ድርሻዋን በወረቀት ዘግኖ አቀበላትና፣ "ይቅርባቸው። ፊቴን አርሼ ልምጣ፣ ቅርጫቱን ያዥልኝ" ብሎ ወደ ቧንቧው ሄደ።

ኒንፋ ቅርጫቱን ያዘች። አሥራ አንድ ፊት አፍጥጦባታል። ስለ ደንቡ ልታስረዳቸው ፈለገች፤ ቃሉ ግን በእነሱ ቋንቋ አልመጣላትም፤ በራሷም ቋንቋ ቢሆን ይመጣላት እንደሆነ እንጃ። ነገ ሥራ የለሽም ልትባል እንደሆነ አሰበች። ጨርቁን ገለጠችው።

እንፋሎት ወጣ። ቢጫ ጮማ፣ የተጨማደደ ጅማት፣ ምንነቱ የማይታወቅ ግራጫ ነገር። ኒንፋ ከልጅነቷ ጀምራ ስትበላው ኖራ ውስጡን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ካሜራዋ ሁለት ጊዜ ቀጭ አለች። ከዚያ ረጅሟ ሴት አፍንጫዋን ያዘች። አንድም ሰው አልበላም።

"ኒንፋ! ምን አደረግሽ አንቺ ሴት?" አለች ቪታ። የያዘችውን ወረቀት መልሳ ቅርጫቱ የተቀመጠበት ሳጥን ላይ አኖረችው። "አሁን ያየሁትን እንዴት አድርጌ ልብላ?"

ከኋላዋ የቆሙትም አንድ በአንድ ሄዱ። እንግዶቹ ተጸይፈው ሄዱ፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ አፍሮ።

ጋሽ ካሎጄሮ ውኃ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። ይጮኻል ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። እሱ ግን ጨርቁን መልሶ ሸፈነና ጠርዙን ዙሪያውን ወተፈው።

"ሰው ሳያይ ከእጄ ሲበላ አርባ ስድስት ዓመቴ" አለ። "አምኖኝ ነበር።"

"አጎቴ፣ ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው እኮ።"

"ትነግሪኝ ነበራ! ሌላ መላ እንፈልግ ነበር። አሁን ሂጂ። ሰው ይዘሽም፣ ብቻሽንም አትምጪብኝ።"

ቅርጫቱን እንደ ሞላ በክንዱ አንጠልጥሎ በባዶው መንገድ ሄደ።

እንግዶቹ በበነጋታው፣ "የሚያስጠላ ነገር አሳዩን" ብለው ጻፉ። ዶናቴላም የጋሽ ካሎጄሮን ቅርጫት ከጉብኝቱ ሰርዛ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን እንግዶች ጥብሱ በመስታወት ውስጥ ወደሚሸጥበት ሱቅ ታስወስዳቸው ጀመር። እዚያ በኒንፋ ቦታ የገባች፣ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ታስረዳቸዋለች። ኒንፋ፣ "አሳዩ ያልሽኝ አንቺ ነሽ" ብትላት፣ "እሱ ያሳይ አልኩ እንጂ አንቺ አሳዪ አላልኩም" አለቻት።

ጋሽ ካሎጄሮ ደንበኞቹ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰውለታል። ቪታም ትበላለች። ኒንፋ በዓመት በዓል ሁለት ጊዜ ሰው ልካበት ነበር፤ "ደኅና ነኝ በሏት" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

ኒንፋ አሁን ከወደቡ ጀርባ ባለ የልብስ ማጠቢያ ቤት የሆቴል አንሶላ ታጥፋለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ገብታ ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች። አትክልቷን የምትገዛው ከሌላ ገበያ ነው።