ለሐጂ ከድር ሳሎን የተመረጡ ዓሦች

ጋሽ ወልዴ ሱቅ ሥራ የጀመርኩት አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ባልመጣልኝ ዓመት ነው። ሱቁ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ መስታወት የሚቆረጥበትና የፎቶ ፍሬም የሚሠራበት ጠባብ ቤት ነበር። ጋሽ ወልዴ አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እጃቸው የሰላ ባለሙያ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ስብርባሪ መስታወት ከፊቴ ቆለሉና አልማዝ የምንለውን መቁረጫ ሰጡኝ።

«አንዴ ብቻ ነው የሚሄደው» አሉኝ። «በሄደበት ከደገምሽው መስታወቱ ይቀየምሻል።»

ስብርባሪ ስቆርጥ ዋልኩ። ጣቶቼን በፕላስተር ጠቅልዬ ቤት ስገባ እናቴ «ሥራ ነው ወይስ ድብድብ?» አለችኝ። በማግስቱም ሄድኩ። በሱቃችን መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ፍሬም ገጣሚ፣ ከዚያ ቆራጭ ይኮናል። እኔ ቆራጭ እስክባል ብዙ ፕላስተር አልቋል።

አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን፣ ወደ ሥራችን የገባው በአንድ ሆቴል ትዕዛዝ ነው። ባለቤቱ አዲስ አበባ አይቶ መጣና «እንደዚያ ያለ ሥሩልኝ» አለ። የመጀመሪያው ሣጥናችን አፈሰሰ። ሁለተኛው አላፈሰሰም፣ ዓሦቹ ግን አለቁ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን፣ ሻጋታ እንዳይዘው መድኃኒት የተጨመረበት ሲሊኮን ተጠቅመን ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን፣ ምንም ያልተጨመረበትን ብቻ እንገዛለን። አዲስ ሣጥን ጋዜጣ ላይ አስቀምጠን ውሃ እንሞላለን፤ በማግስቱ ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ከሱቅ ይወጣል፣ ከረጠበ ይፈርሳል።

ዓሦቹን ከአዲስ አበባ የማመጣው እኔ ሆንኩ። ላስቲኩ ውስጥ ውሃው ሲሶ፣ የቀረው አየር ሆኖ ይታሰራል፤ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ እመለሳለሁ። የተሳፋሪው ሁሉ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንቱን ብትጠብሺው ትጠግቢያለሽ?» የዓባያ ሐይቅን ዓሣ በዳታ በርበሬ እያጣቀሰ ላደገ ሰው ዓሣን ለማየት ብቻ መግዛት እብደት ነው። አልፈርድባቸውም።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አንድ ጠዋት እትዬ ዘምዘም ወደ ሱቃችን መጡ። የሐጂ ከድር ባለቤት ናቸው። ሐጂ ከድር ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ የመጡ የጨውና የስኳር ጅምላ ነጋዴ ሲሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መትቷቸው ቤት ከዋሉ ወራት አልፏቸው ነበር።

«ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ነው የሚያየው» አሉኝ እትዬ ዘምዘም። «ሐኪሙ ጣቶችህን አሠራ፣ ያለዚያ እጅህ እንደዚሁ ይቀራል አለው። የሚጨብጣት ኳስ ገዛንለት፤ በግራ እጁ አንስቶ ወረወራት። ቴሌቪዥን አጥፉ ይላል። ሊጠይቁት ሰዎች ሲመጡ ዓይኑን ይጨፍናል። ወጣት ሳለ አሰብ ወደብ ሠርቷል፤ ያገባሁት ስለ ባሕሩ ዓሣ ሲያወራልኝ ነው። እስቲ የሚንቀሳቀስ ነገር ከፊቱ ይኑር።»

ሜትሬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሐጂ ሶፋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀምጠዋል። ሰላምታዬን አልመለሱም። ሣጥኑ የሚቀመጥበትን ስለካ ግን ድምፅ ሰማሁ።

«የባሕሩን ነው የምትሠሪው?» ንግግራቸው ይኮላተፋል፣ ቀስ ብሎ ለሚሰማ ግን ይገባል። «ከድንጋዩ ሥር ወጣ የሚሉትን። ትንንሾች ናቸው። አንድ ላይ ይዞራሉ፣ ማንንም አይነኩም።»

እውነቱን ነገርኳቸው። የባሕር ዓሣ ከውጭ የሚመጣ ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው ይፈልጋል፤ ውሃው ሁልጊዜ መሞቅ አለበት፤ መብራት አንድ ቀን ከጠፋ ሁሉም ያልቃል። በሶዶ ደግሞ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ጨው?» አሉ። «መጋዘኔ ሙሉ ጨው አይደለም እንዴ! አንድ ኩንታል አስገልብጪበት!»

«ሐጂ፣ የወጥ ጨው ባሕር አይሆንም።»

አንገታቸውን ከግድግዳው አዙረው በተቆጣ ሰው ዓይን አዩኝ። እትዬ ዘምዘም በቁጣው ደስ አላቸው፤ እኔም ገባኝ፣ ግድግዳ ከማየት ቁጣ ይሻላል። «ባሕሩን አልችልም» አልኳቸው። «ድንጋዩንና አብረው የሚዞሩትን ግን አመጣለሁ።»

ሱቅ ስመለስ ከጋሽ ወልዴ ጋር ተከራከርን። እሳቸው ቀይ ነጠብጣብ ያለበት አንድ ትልቅ ዓሣ ይግባ ባይ ናቸው። «ለትልቅ ሰው ትልቅ ዓሣ ነው» አሉ። «ለሐጂ ጫጩት ልትወስጂላቸው ነው?»

«ጋሼ፣ ትልቁ ብቻውን ጥግ ይዞ ግድግዳ ነው የሚያየው። በዚያ ቤት ግድግዳ የሚያይ አንድ ሰው አለ።»

ጋሽ ወልዴ ሳቃቸውን መያዝ ሲያቅታቸው ይስላሉ። ሳሉና «ሂጂ፣ የፈለግሽውን አምጪ» አሉኝ።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። ወርቃማው ዓሣ ዝግ ይላል፣ ውሃም ያቆሽሻል። እንደ አምፑል የሚያበራው ትንሹ ዓሣ ያምራል፣ የሶዶን ብርድ ግን አይችልም። ጥቁር ሽንትር ያለው ንቁ ነው፣ ግን የጎረቤቱን ጭራ ይነክሳል፤ በሽተኛ ፊት ጠብ አይቀመጥም። የቀረው ዜብራ የምንለው ነው። የጣት ርዝመት አይሞላም፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው፣ ቀን ቀን አያርፍም፣ ማንንም አይነካም፣ ብርድም ይችላል። ሰዎች የሚናቅ ርካሽ ዓሣ ነው ይሉታል። እኔ ግን ለዚያ ሳሎን ከእሱ የተሻለ አላየሁም።

ድንጋዩን ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ካለ ወንዝ ለቀምኩ። እያንዳንዱ ላይ ሎሚ ጨመቅኩ፤ አረፋ ያወጣው ውሃ ስለሚያበላሽ ተጣለ። የቧንቧውን ውሃ በበርሜል አሳደርኩ። ከሆቴሉ ሣጥን ያገለገለ የማጣሪያ ስፖንጅ አምጥቼ ጨመርኩበት፣ አዲስ ውሃ ያለ አሮጌ ስፖንጅ ዓሣ ይገድላልና። ከዚያ ላስቲኩን ከነዓሦቹ ውሃው ላይ አንሳፍፌ፣ ሙቀቱ ሲስተካከል ለቀቅኳቸው። ደርዘን ነበሩ። መጀመሪያ ከድንጋዩ ሥር ተደበቁ፣ ትንሽ ቆይተው ተከታትለው ወጡና መዞር ጀመሩ።

ሐጂ በዓይናቸው ተከተሏቸው። ከዚያ «ለምን በዙ?» አሉ።

«ከስድስት ካነሱ ይፈራሉ፣ ሐጂ። እርስ በርስም ይነካከሳሉ። ትንሹ ስድስት ነው።»

«አንድ ለአምስት!» አሉ። «ቀበሌው እነዚህንም አደራጃቸው በይኛ! መሪው የትኛው ነው?»

በዚያ ዘመን ገበሬውም፣ ተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም አንድ ለአምስት ይደራጅ ነበር። «መሪ የላቸውም» አልኳቸው። «ፊት ያለው ሲዞር ኋላ የነበረው ፊት ይሆናል።»

«እንዲያ ከሆነ ከኛ ቀበሌ አይደሉም» ብለው ሳቁ። እትዬ ዘምዘም በር ላይ ቆመው ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

ያላሰብኩት እንግዳውን ነው። በሶዶ የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ሐጂ ዓይናቸውን መጨፈን ስለተዉ ጠያቂው በዛ፤ ከአረካና ከተበላ ከተሞች የዱሮ ደንበኞቻቸው ሳይቀሩ መጡ። ዳቦ ያመጣ ለዓሦቹም ቆርሶ ጣለ። ሙዝ ያመጣም እንዲሁ። የጎረቤታቸው የእትዬ ቦጋለች ደግሞ ባሰ። የወላይታ ሴት ናቸው፣ እንግዳ ሳይበላ ከቤታቸው አይወጣም። ቅቅል ቦዬ፣ የወላይታን ሥራ ሥር፣ ይዘው መጡና እየፈረፈሩ አበሏቸው።

«ሰው እየበላ ሞሊያዎቹ ዝም ብለው ያያሉ? ነውር ነው!» አሉ፤ ዓሦቹን ማለታቸው ነው።

ተጠርቼ ስደርስ ውሃው እንደ አጓት ነጥቷል። ዓሦቹ ከላይ ሆነው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ አራቱ ሞተዋል። መብራትም የለም። ሐጂ ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

«ውሰጂልኝ» አሉኝ እትዬ ዘምዘም። «ሞት ፊቱ ከምደቅን ግድግዳው ይሻለው ነበር።» ሬሳውን በመረብ አወጣሁ፣ የተቆለለውን ቦዬ በጎማ ስቤ አስወገድኩ፣ ከውሃው ሲሶውን ቀየርኩ። የአየር ፓምፑ ስለማይሠራ መብራት እስኪመጣ በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰስኩ። በማግስቱ ስምንቱ በሕይወት ነበሩ።

«ማብላት ክልክል ነው» ብዬ መለጠፍ እችል ነበር። እንዲያ ያለ ወረቀት ግን በዚህ አገር «አትምጡብን» ማለት ነው፣ እንግዳ ቢቀር ደግሞ ሐጂን የሚጎዳ ነው። እያሰላሰልኩ ሳለ እትዬ ቦጋለች ጥፋታቸውን ሰምተው እየተጸጸቱ ገቡ። ያን ጊዜ ለዓሦቹ ያመጣሁትን የመኖ ቆርቆሮ ከፍቼ ሐጂ ጭን ላይ አስቀመጥኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚያበላው አባወራው ነው» አልኩ። «አንድ ቁንጥር፣ ጠዋትና ማታ። እንግዳ አያበላም፣ ይመርቃል።»

ሐጂ ቆርቆሮውን አዩት። ከዚያ ግራ እጃቸውን ወደ ቆርቆሮው ሰደዱ።

«ኧረ ሐጂ!» ጮኹ እትዬ ቦጋለች። «በግራ እጅ ያጎርሳሉ እንዴ? ለጠላትም አይደረግ!»

እጃቸው ቆመ። ይህን ሐኪሙም እኔም አላሰብነውም። ነገሩ ግን በማንም ቤት ነውር ነው፤ ሐጂ ደግሞ ነውር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ግራ እጃቸውን መለሱና ቀኙን ከጉልበታቸው ላይ ማንሳት ጀመሩ። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው መኖው ላይ ተገናኙ፣ ተንሸራተቱ፣ እንደገና ተገናኙ። እትዬ ዘምዘም ሊያግዟቸው ሲነሱ ክንዳቸውን ያዝኳቸው። አብዛኛው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ጥቂቱ ውሃው ላይ አረፈ፣ ስምንቱም አንድ ላይ ከድንጋዩ ሥር ወጡ።

«ሎኦ! ሎኦ!» እያሉ እትዬ ቦጋለች አጨበጨቡ፤ በወላይትኛ ደግ ነው ማለታቸው ነው። «አላህ ይማርዎት፣ ሐጂ!» አሉም፤ ምርቃታቸውን በሐጂ ሃይማኖት አደረጉት።

ሥርዓቱ በዚያው ጸና። እንግዳ ሲመጣ ሐጂ ያበላሉ፣ እንግዳው ይመርቃል። ምንጣፉ ላይ የሚፈስሰው እያነሰ፣ ውሃው ላይ የሚያርፈው እየበዛ ሄደ።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ባጃጅ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ሐጂ ከድር ከዘራ ተደግፈው ወረዱ። አዲስ የመኖ ቆርቆሮ ሰጠኋቸው፤ ልክፈትልዎት ብል እንቢ አሉ። ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው በቀኝ እጃቸው ክዳኑን አዞሩ፣ በሁለት ጣት ቆንጥረው አሸተቱ።

«ይሄ ቆይቷል፣ አይበሉልኝም» አሉ። «ሌላ አምጪ። የሞቱትንም አራቱን ተኪልኝ።»

ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ ሲስሉ ሰማሁ። እኔ ግን አለቀስኩ።

አሁን ሱቁን የምመራው እኔ ነኝ። አዲስ የሚገቡ ሠራተኞች የትኛው ዓሣ እንደሚያምር ይጠይቁኛል። መልኩን መጨረሻ እዩት እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ከሣጥኑ ፊት የሚቀመጠው ማን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ማን ሊጠይቀው እንደሚመጣ እወቁ።