ሁለተኛው ተጫራች

ኩኒሚ ያን ቀን ጠዋት፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀናቃኙ እንዲመጣለት ለመነ። ወይ ጉድ! ሽማግሌው ጎንዳ በጨረታ አዳራሽ በር ብቅ ባለ ቁጥር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደሙ ሲፈላ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ «ምነው ቀረ?» ይላል።

ኩኒሚ በጃፓን፣ በሺማኔ ተራሮች መሃል ባለች ትንሽ ከተማ፣ የአንድ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት የመንገድና የድልድይ ክፍል ኃላፊ ነው። ድሮ መንግሥት ጅረቱን ሁሉ በሲሚንቶ ካልገነባሁ ይል በነበረበት ዘመን፣ ለአንድ ጨረታ አሥራ አራት ድርጅት ይጋፋ ነበር። ከዚያ አገሬው አረጀ፣ ልጆቹ ወደ ኦሳካ ነጎዱ፣ በጀቱ መነመነ። ተቋራጮቹም አንድ በአንድ ዘግተው ሁለት ቀሩ፤ የእነ ኩኒሚና የጎንዳ። የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ደግሞ ይህን አያይም፤ ተጫራች ከሁለት ካነሰ ጨረታው ይሰረዛል።

የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ቺዙሩ ሰኞ ዕለት ቁርጡን ነግረውታል። «የወንዝ ዳሩን ግንብ ጨረታ ካጣን በመጋቢት ክፍልህን እዘጋዋለሁ። አልቻልኩም ኩኒሚ፣ እውነቴን ነው።» ከሥሩ ሰባት ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ሃምሳን ያለፉ፣ ከቁፋሮና ከግንብ ሌላ ሥራ የማያውቁ።

ለጎንዳ ደውሎ «ይመጣሉ ወይ?» እንዳይል ያስፈራል። ከጨረታ በፊት የተነጋገሩ ተጫራቾች ተመሳጠሩ ተብለው ዘብጥያ ነው የሚወርዱት።

አራት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጎንዳ ቦት ጫማውን እየጎተተ ገባ።

«ምን ታፈጣለህ? የሞተ ሰው መሰልኩህ?»

«ኧረ እንኳን መጡ ጋሼ!»

«ጉድ በል ሺማኔ! ይሄ ሰውዬ በሞተልኝ ስትል ኖረህ፣ ዛሬ እንኳን መጡ?»

ፖስታዎቹ ተከፈቱ። የሁለቱ ዋጋ እስከ መጨረሻዋ የን ድረስ እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። ማንም አልገረመውም። ማዘጋጃ ቤቱ «ከዚህ በታች አልቀበልም» የሚለውን ዋጋ ሁለቱም አስልተው ያውቁታል፤ ከዚያ የወረደ ይባረራል፣ ከዚያ የጨመረ ይሸነፋል። እኩል ሲሆን ዕጣ ነው። ጸሐፊው ሁለት የቀርከሃ እንጨቶች በጣሳ ይዞ መጣ።

ኩኒሚ አንዱን መዘዘ። ምንም ምልክት የለውም። ጫፉ ቀይ የሆነው የአሸናፊው ዕጣ ጎንዳ እጅ ላይ ነበር።

ጎንዳ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ኮሪደሩ ላይ የኩኒሚን ክንድ ጨምድዶ ያዘ።

«ወይኔ፣ ምን አደረግኩ!»

«አሸነፉ እንጂ ምን አደረጉ?»

«ልዘጋ ነበር እኮ! ሰዎቼን አሰናብቻለሁ፤ የቀረኝ ፈቃዴ ብቻ ነው። የመጣሁት ብቻህን ሆነህ እንዳይሰረዝብህ ብዬ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ ጽፌ ልሸነፍልህ! ብዕሩን ሳነሳ ይሄ እርጉም እጄ የለመደውን ጻፈ።»

ኩኒሚ መሳቅም መሳደብም አማረው። እንዲህ ካለ ወዳጅ ጠላት ይሻላል!

«ቢተዉትስ?»

«ብተወው እኔም እቀጣለሁ፣ ግንቡም ለከርሞ ይተላለፋል። ለድርጅትህ እንዳስተላልፈው ሕጉ አይፈቅድም።» ሽማግሌው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ሰው ልቅጠርና እንሥራው። ከናንተ ሦስት ሰው እወስዳለሁ። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም።»

ሰባቱ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ ተሰብስበው የኩኒሚን ስልክ እየጠበቁ ነው። ኩኒሚ ስልኩን አወጣና ያስብ ጀመር። ከሰባቱ የትኞቹን ሁለት? የሚማሩ ልጆች ያሉት ማነው? ሚስቱ የታመመችበትስ?

ቁጥሩን መንካት ሲጀምር ጣቱ ቆመ። ጎንዳ ያለው ሦስት ነው። ሁለት ብሎ ሲያስብ ራሱን ቀድሞ ቆጥሮ ነበር፤ ያውም ሳያመነታ። እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።